ዓሣ በአየር መሃል ለምን ይታፈናል?



ውድ አንባቢያን፣ ዓሣ ከውሃ ከወጣ እንደሚሞት የማያውቅ ሕፃን የለም። «ለምን ይሞታል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን አብዛኛው ሰው «ዓሣ አየር ስለማይፈልግ ነዋ!» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው ይህ መልስ ሌላ ትልቅ ጥያቄ ይወልዳል። ዓሣም ልክ እንደ ሰው፣ እንደ በግና እንደ ወፍ ሁሉ ለመኖር ኦክስጅን የሚባለው የአየር ክፍል የግድ ያስፈልገዋል። በአንድ ሊትር አየር ውስጥ 210 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን አለ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ግን፣ የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ የሚገኘው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አየር በኦክስጅን ሀብቱ ውሃን 30 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ዓሣው ከውሃ ሲወጣ ከድሃ ቤት ወደ ሀብታም ቤት እንደገባ እንግዳ ይቆጠራል። ታዲያ በሞላ ገበታ ፊት ተቀምጦ እንዴት በረሃብ ይሞታል?

የዚህን ጥያቄ መልስ ማወቅ የሚጠቅመው ተማሪዎች ፈተና እንዲያልፉ ብቻ አይደለም። በዘመናችን በሐይቆቻችንና በወንዞቻችን ውስጥ ከውሃ ሳይወጡ፣ እዚያው በቤታቸው ታፍነው የሚሞቱ ዓሦች አሉ። ለአንዳንዱ አፈና ምክንያቱ ተፈጥሮ ሲሆን ለብዙው ግን የሰው እጅ ነው። ዓሣ እንዴት እንደሚተነፍስ ያልተረዳ ሰው ዓሣን እንዴት እንደሚያፍን ሊያውቅ አይችልም።

በውሃ ውስጥ ያለው አየር የትኛው ነው?

በክፍል ውስጥ ስናስተምር በየዓመቱ የሚያጋጥመን አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ተማሪዎች ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ መሆኑን ከተማሩ በኋላ፣ ዓሣ ውሃውን ሰንጥቆ ኦክስጅኑን የሚወስድ ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። በውሃው ውስጥ ከሃይድሮጅን ጋር የተጣመረው ኦክስጅን እጅግ አጥብቆ ስለተያያዘ ዓሣ ሊያላቅቀው አይችልም። ዓሣ የሚተነፍሰው ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ሁሉ ከአየር መጥቶ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው።

ይህን በቤታችን በቀላሉ ማየት እንችላለን። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ በብርጭቆ ቀድተን ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት እናስቀምጥ። በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ተለጥፈው እናገኛለን። ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ስንጥድም ውሃው ገና ሳይፈላ ከሥሩ ጥቃቅን አረፋዎች ሲወጡ እናያለን። እነዚህ ውሃው ሲሞቅ መያዝ አቅቶት የለቀቀው አየር ናቸው።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እንይዛለን። አንደኛ፣ በውሃ ውስጥ አየር አለ። ሁለተኛ፣ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው አየር ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ጨው አልባ ውሃ በ0 ዲግሪ በሊትር 14.6 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ በ20 ዲግሪ ወደ 9.1፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ ወደ 7.5 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በተመሳሳይ ሙቀት ላይ ካለ የባሕር ዳርቻ ውሃ በአምስት እጅ አንዱን ያህል ያንሳል።

አንድ ግራም ኦክስጅን ለማግኘት ዓሣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ካለ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 110 ሊትር፣ ማለትም 110 ኪሎ ውሃ በስንጥቡ ላይ ማሳለፍ አለበት። ያንኑ አንድ ግራም ኦክስጅን የያዘው አየር ቢመዘን ግን 5 ግራም እንኳ አይሞላም። ሰው በዕረፍት ላይ እያለ በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል። ይህን ከውሃ እናግኘው ብንል፣ ኦክስጅኑን እስከ መጨረሻው አሟጠን መውሰድ ብንችል እንኳ፣ በየደቂቃው 40 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ሁለት ትልልቅ ጀሪካን፣ በሳንባችን ውስጥ ማመላለስ ይኖርብናል። ሰው በውሃ ውስጥ መኖር የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስንጥብ እንዴት ይሠራል?

አላህ (ሱ.ወ.) ለዓሣ የሰጠው የመተንፈሻ አካል ስንጥብ ይባላል። ዓሣ ያጠበች እናት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ያለውን ጠንካራ ክዳን ገለጥ ስታደርገው የምታየው ቀይ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ነገር ነው። ቆሮሶን የመሳሰሉ አጥንታም ዓሦች በእያንዳንዱ ጎን አራት የስንጥብ ቅስቶች አሏቸው። በእያንዳንዱ ቅስት ላይ ሁለት ረድፍ ቀጫጭን ክሮች ተተክለዋል። በእያንዳንዱ ክር ላይ ደግሞ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ስስ ቅጠሎች ተደርድረዋል። ደሙ በእነዚህ ቅጠሎች ውስጥ ያልፋል፤ ውሃው በውጭ ይፈስሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ እጅግ ስስ ስለሆነ ኦክስጅን ከውሃው ወደ ደሙ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከደሙ ወደ ውሃው በቀላሉ ይሻገራል።

ዓሣ አፉን ደጋግሞ ሲከፍትና ሲዘጋ ስናይ ውሃ እየጠጣ ይመስለናል። እርሱ ግን እየተነፈሰ ነው። አፉን ሲከፍት ውሃ ይገባል፤ ሲዘጋ ውሃው ወደ ኋላ ተገፍቶ በስንጥቡ ላይ ያልፍና በክዳኑ ሥር ይወጣል። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠውን ቱናን የመሰሉ የባሕር ዓሦች ደግሞ አፋቸውን ከፈት አድርገው ዘወትር በመዋኘት ውሃው በራሱ ጊዜ በስንጥባቸው ላይ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ቱና መዋኘቱን ካቆመ ትንፋሹም ይቆማል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ድንቅ ሥርዓት አለ። በስንጥብ ቅጠሎች ውስጥ ደሙ የሚፈስሰው ከውሃው አቅጣጫ በተቃራኒው ነው። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ቢፈስሱ ኖሮ፣ ደሙና ውሃው መሃል መንገድ ላይ በኦክስጅን መጠን እኩል ይሆኑና ልውውጡ ይቆም ነበር፤ ዓሣውም ቢበዛ ግማሹን ብቻ ያገኝ ነበር። በተቃራኒ ስለሚፈስሱ ግን፣ ኦክስጅን መያዝ የጀመረው ደም እየገፋ ሲሄድ ምንጊዜም ከእርሱ የበለጠ ኦክስጅን ካለው ውሃ ጋር ይገናኛል። በዚህም የተነሳ አንዳንድ ዓሦች በስንጥባቸው ካለፈው ውሃ ውስጥ እስከ 80 በመቶ የሚደርሰውን ኦክስጅን መውሰድ ይችላሉ። እኛ ሰዎች ወደ ሳንባችን ካስገባነው ኦክስጅን የምንጠቀመው ሩቡን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን መልሰን እናስወጣዋለን። ሀብታም ቤት ያደገ ያባክናል፤ ከድሃ ቤት የተፈጠረው ግን ከጥቂቱ ብዙ ማውጣት ተሰጥቶታል። ሱብሐነላህ!

ደሙ የሚዞርበት መንገድ

ስለ ትንፋሽና ደም ስናነሳ አንድ ታላቅ ሙስሊም ሐኪም ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ኢብኑ ነፊስ ይባላሉ። በሶርያ ተወልደው በደማስቆ ሕክምና ከተማሩ በኋላ በካይሮ ያገለገሉና እ.ኤ.አ. በ1288 ያረፉ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሐኪሞች የጥንቱን የግሪክ ሐኪም ጋሌንን ተከትለው፣ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው ክፍል የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ቀዳዳዎች ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኢብኑ ነፊስ የኢብኑ ሲናን የሕክምና መጽሐፍ ሲያብራሩ ይህን አልተቀበሉትም። ግድግዳው ድፍን መሆኑን፣ ደሙ ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ ሄዶ ከአየር ጋር ከተገናኘ በኋላ ወደ ግራው ልብ እንደሚመለስ ጻፉ። ይህ ሥራቸው ለብዙ ዘመን ተረስቶ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 በጀርመን አገር ይማር የነበረ አንድ ግብፃዊ ሐኪም የእጅ ጽሑፉን በርሊን ውስጥ አግኝቶ ለዓለም አስታወቀው።

እንግዲህ በሰው አካል ውስጥ ደም በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ በልብ ያልፋል። ዓሣ ግን ከዚህ ይለያል። የዓሣ ልብ ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ደሙ ከልብ ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ስንጥብ ይሄዳል፤ ኦክስጅን ይዞ ወደ ልብ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ መላው አካል ይሠራጫል። በመጨረሻ ወደ ልብ ይመለሳል። ስንጥቡ ሥራ ካቆመ፣ ወደ አንጎልም ሆነ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ደም ሁሉ ባዶውን ይሄዳል ማለት ነው።

ከውሃ ሲወጣ ምን ይደርስበታል?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። የነጠላ ወይም የሻርፕ ዘርፍ ያለው ሰው አንድ ነገር ይሞክር። ዘርፉን ውሃ በሞላበት ሳፋ ውስጥ ይንከረው። እያንዳንዱ ክር ከሌላው ተለይቶ ተበትኖ ሲንሳፈፍ ያየዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ከውሃው ያውጣው። ክሮቹ ወዲያውኑ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንድ ወፍራም ገመድ ይመስላሉ። ብዛታቸው አልቀነሰም፤ ነገር ግን ለውጭ የተጋለጠው ገጻቸው በብዙ እጥፍ ቀንሷል።

በዓሣ ስንጥብ ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። እነዚያ ስስ ቅጠሎች ተዘርግተው የሚቆሙት በራሳቸው ጥንካሬ አይደለም። ደግፎ የሚያቆማቸው ውሃው ነው። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ በመካከላቸው ገብቶ አንዱን ከሌላው ለይቶ ይይዛቸዋል። ውሃው ሲጠፋ ቅጠሎቹ ተደራርበው ይጣበቃሉ። ኦክስጅን የሚገባበት ሰፊ ገጽ ወደ ጥቂት ይቀንሳል። ከዚያም ስንጥቡ መድረቅ ይጀምራል፤ በደረቀ ቆዳ ደግሞ ኦክስጅን እንደ ልብ አያልፍም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም መውጫ አጥቶ በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል።

የእኛ ሳንባ ከዚህ አደጋ የተጠበቀው በደረታችን ውስጥ ተሸፍኖ፣ ውስጡ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ፣ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ቅባት መሰል ፈሳሽ ስላለው ነው። ዓሣው በአየር መሃል የሚታፈነው አየር አጥቶ ሳይሆን የአየሩን በር የሚከፍትለትን ውሃ አጥቶ ነው። ውሃ ለዓሣ ቤቱ ብቻ ሳይሆን የመተንፈሻ አካሉ ምሰሶም ነው።

ከሕጉ ወጣ ያሉ ዓሦች

በአገራችን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አምባዛ ከውሃ ወጥቶ ለረጅም ሰዓት ሳይሞት እንደሚቆይ ያውቃሉ። ቆሮሶ ቶሎ ሲሞት አምባዛ ለምን ይቆያል? አምባዛ ከስንጥቡ በላይ ባለ ክፍተት ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ጠንከር ያለ ተጨማሪ አካል አለው። ይህ አካል ያለ ውሃ ድጋፍ ራሱን ችሎ ስለሚቆም በአየር ውስጥ አይጣበቅም። ስለዚህ አምባዛ በደፈረሰና ኦክስጅን ባነሰበት ኩሬ ውስጥ እንኳ ብቅ እያለ አየር እየሳበ ይኖራል። ሆኖም ቆዳውና ስንጥቡ ከደረቀ እርሱም መሞቱ አይቀርም።

ከዚህም የባሰ አስገራሚ ፍጥረት አለ። በአፍሪካ ረግረጎችና ወንዞች፣ በናይል ተፋሰስ ጭምር፣ ሳንባ ያለው ዓሣ ይኖራል። ውሃው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይገባና ክረምት እስኪመጣ ለወራት አየር እየተነፈሰ ይቆያል። የዚህ ዓሣ ስንጥብ ግን ደካማ ነው። ካደገ በኋላ ወደ ላይ ወጥቶ አየር እንዳይስብ ቢከለከል፣ ዓሣ ሆኖ ሳለ በውሃ ውስጥ ሰምጦ ይሞታል። ለእያንዳንዱ ፍጥረት እንደሚኖርበት ስፍራ መሣሪያው ተለክቶ ተሰጥቶታል።

ዓሣ በውሃ ውስጥም ይታፈናል

አምባዛ ሊያመልጥበት የሚችለውን ችግር ቆሮሶና ሌሎች ብዙ ዓሦች ሊያመልጡት አይችሉም። ውሃው እያለ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ካለቀ ይታፈናሉ።

በሐይቅ ውስጥ ኦክስጅን የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው ነፋስ ውሃውን እያማሰለ ከአየር ጋር ሲያገናኘው ነው። ሁለተኛው የውሃ ውስጥ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ሲሠሩ ኦክስጅን ሲለቁ ነው። ሌሊት ግን ዕፅዋቱም ኦክስጅን አይሠሩም፤ እንዲያውም እንደ ዓሣው እነርሱም ይተነፍሳሉ። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከማታ ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ ዝቅተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ሊነጋ ሲል፣ በሱብሒ ሰዓት አካባቢ ነው። በሐይቅ ዳር የሚኖርና ለሱብሒ ሶላት የሚነሳ ሰው፣ ዓሦች በውሃው ገጽ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን እየከፈቱ ሲንፈራገጡ ካየ፣ ውሃው እንደታመመ ይወቅ። ከአየር ጋር የተገናኘውን የላይኛውን ስስ ውሃ እየፈለጉ ነው።

አንዳንዴ ምክንያቱ ተፈጥሮ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ጥልቅ ጎድጓዳ ስፍራዎች ላይ የተኙ ናቸው፤ ትልቁ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ሞቃቱ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛውና ኦክስጅን አልባው ከታች ተኝቶ ይቆያል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የብርድ ወቅት የላዩ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይወርዳል፤ የታችኛው ወደ ላይ ይመጣል። በእንዲህ ያለው መገላበጥ ጊዜ ዓሦች በብዛት ሊሞቱ ይችላሉ።

ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው። ፍሳሽ፣ ደምና ፈርስ፣ የፋብሪካ ቆሻሻ ወደ ወንዝ ሲገባ፣ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ያንን ቆሻሻ ሲበሉ ይራባሉ። እነርሱም ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። ለዓሣው የተመደበውን ቀድመው ይጨርሱታል። በጅማና በሲዳማ አካባቢ ቡና ሲታጠብ የሚወጣው ስኳር የበዛበት እጣቢ ወደ ጅረት ሲለቀቅ የሚሆነውም ይኸው ነው። እጣቢው መርዝ ስላለው ብቻ ሳይሆን፣ ለባክቴሪያዎች ትልቅ ድግስ ስለሚሆን ጅረቱን ያለ ትንፋሽ ያስቀረዋል። ከእርሻ ላይ ታጥቦ የሚመጣ ማዳበሪያም አረንጓዴውን የውሃ ሻጋታ ያበዛዋል፤ ሻጋታው ሞቶ ሲበሰብስ ያው የኦክስጅን ረሃብ ይመጣል።

ጣናን እንውሰድ። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ነፋስ በቀላሉ እስከ ታች ያማስለዋል፤ ዓሦቹም በዚህ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን እምቦጭ የተባለው፣ መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ ተንሳፋፊ አረም በሐይቁ ላይ መታየቱ ተመዘገበ። ይኸው አረም በቆቃ ግድብ ላይ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ታይቶ ነበር። እምቦጭ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ነፋሱንም ብርሃኑንም ይጋርዳል። ቀደም ሲል ያየናቸውን ሁለቱንም በሮች ይዘጋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሲሞትና ሲበሰብስ የተረፈውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በጣና ዳር ከትውልድ ትውልድ በደንገል ታንኳ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩት የነገደ ወይጦ ሙስሊም ወገኖቻችንም ሆኑ ሌሎች አጥማጆች መረባቸውን የሚጥሉበት ዳርቻ ሲታፈን፣ አብሮ የሚታፈነው የልጆቻቸው እንጀራ ነው።

ብርብራ የሚያደርገው

ሦስተኛ የአፈና መንገድም አለ። በአንዳንድ አካባቢ፣ ወደ ጣና በሚገቡ ወንዞች ጭምር፣ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ይበተናል፤ ዓሦችም ደንዝዘው ይንሳፈፋሉ። ብዙ ሰው ዓሣው የሰከረ ይመስለዋል። በብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር በስንጥብ በኩል ወደ ደም ገብቶ፣ የአካል ሕዋሳት የመጣላቸውን ኦክስጅን እንዳይጠቀሙበት ያግዳል። ውሃው አለ፤ ኦክስጅኑም አለ፤ ስንጥቡም ይሠራል። ዓሣው ግን ይታፈናል።

የባሰው ነገር ጊዜው ነው። የጣና ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ወራት እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ሰዓት ብርብራ የበተነ ሰው የሚገድለው ለእራት የሚሆነውን ብቻ አይደለም። ትልቁንም ትንሹንም፣ እንቁላል የያዘችውንም ሳይለይ ይጨርሳል። የከርሞውንና የልጁን ድርሻ ዛሬ በላ ማለት ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የባሕር ማዕድ ለእኛ መፈቀዱን ሁላችንም እናውቃለን። ዓሣ እንደ በግ ማረድ ሳያስፈልገው ሐላል መሆኑም ከአላህ የተሰጠን ገር ነገር ነው። በውሃ ውስጥ በራሱ ሞቶ የተንሳፈፈውን ዓሣ በተመለከተ ግን ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ የሐነፊይ መዝሀብ አይበላም ሲል፣ የሻፊዒይ መዝሀብና ሌሎችም ይፈቅዳሉ። ይሁን እንጂ በብዛት ሞተው ተንሳፍፈው የተገኙ ዓሦች የሞቱበት ምክንያት መርዝ ወይም በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ለጤና የሚያሰጋውን መራቅ በሁሉም ዘንድ የተወደደ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስናይ ሰብስበን ወደ ቤት ከመውሰድ ይልቅ ለግብርና ባለሙያ ወይም ለቀበሌ እናሳውቅ።

ማረድ አያስፈልግም ማለት ደግሞ ማሰቃየት ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ዓሣ አጥምደን በጆንያ ውስጥ ለሰዓታት እየተንፈራገጠ እንዲቆይ መተው ከእዝነት የራቀ ነው። ስንጥቡ ምን እየሆነ እንዳለ አሁን አውቀናል። ራሱን መትቶ ቶሎ ማሳረፍ ለዓሣውም እፎይታ ነው፤ ሥጋውም ሳይበላሽ ይቆያል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በማይፈስስ ውሃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸው የታወቀ ነው። የቆመ ውሃ የገባበትን ቆሻሻ የሚያወጣበት ቶሎ አያገኝም። ዛሬ የምናወራው ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ ቆሻሻ ነው። የመንደር ፍሳሽ፣ የቡና እጣቢ፣ የእርድ ተረፈ ምርት ወደ ሐይቅና ወንዝ እንዳይገባ ማድረግ እንደ ግለሰብም እንደ ጀመዓም የሚጠበቅብን ነው። የቡናው ልጣጭ ቢጠራቀም ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። እምቦጭ ባለበት አካባቢ ያላችሁ ወጣቶች አረሙን በማውጣት ሥራ ተሳተፉ። ያወጣችሁትን ግን ተመልሶ ውሃ እንዳይገባ ከዳርቻው አርቁት። ብርብራ የሚጠቀም ጎረቤት ያለው ደግሞ በመልካም ቃል ይምከረው።

በቤታችሁ በመስተዋት ዕቃ ዓሣ የምታረቡ ልጆችም፣ አፉ ሰፊ የሆነ ዕቃ ምረጡ፤ ውሃው ከአየር ጋር በሰፊው እንዲገናኝ። ምግብ አታብዙበት፤ የተረፈው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ ስንጥብ ስለሚጎዳ፣ አንድ ቀን በተከፈተ ዕቃ አስቀምጡና ተጠቀሙበት። ዓሣችሁ ላይ ላዩን እየሄደ አፉን የሚከፍት ከሆነ ተርቦ ነው ብላችሁ ምግብ አትጨምሩለት። የፈለገው አየር ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዓሣ ሲታፈን ድምፅ የለውም። እንደ በግ አይጮህም፤ እንደ ሕፃን አያለቅስም። ስለዚህ የውሃውን ጤንነት የሚጠይቅለት እኛ ካልሆንን ሌላ የለም። አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠንን አማና ከሚጠብቁ ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።